የቀረበ የውሳኔ ሐሳብ እንዴት ይሳባል? እንዴትስ በሌላ ይተካል?

በስብሰባ ላይ አንድ የውሳኔ ሐሳብ ደጋፊ አግኝቶ ሰብሳቢው ለቤቱ (ለተሰብሳቢዎቹ አባላት) አንብቦ ለውይይት እስኪከፍተው ድረስ የአቅራቢው ነው። ከዚያ በኋላ የቤቱ ነው። መሳቡም መተካቱም የሚመራው በዚህ ነው። ከታች ያለው የተለመደው አካሄድ ነው፤ መተዳደሪያ ደንባችሁ ሌላ የሚል ከሆነ ደንቡን ተከተሉ።

ለመሳብ

ሰብሳቢው ገና ካላነበበው አቅራቢው «ሐሳቤን ስቤያለሁ» ካለ በቃ፤ የደጋፊው ፈቃድ እንኳ አያስፈልገውም። ከተነበበ በኋላ ግን «እንድስበው ይፈቀድልኝ» ብሎ መጠየቅ አለበት። ሰብሳቢው «ተቃውሞ ያለው አለ?» ብሎ ጥቂት ይጠብቃል፤ ማንም ካልተናገረ ሐሳቡ ተስቧል። አንድ ሰው ከተቃወመ ይሳብ ወይስ አይሳብ የሚለው ያለ ክርክር በአብላጫ ድምፅ ይወሰናል። የተሳበ ሐሳብ ጨርሶ እንዳልቀረበ ይቆጠራል፤ በእሱ ላይ የቀረቡት ማሻሻያዎችም አብረውት ይቀራሉ። በዚያው ስብሰባ ሌላ አባል እንደገና ቢያቀርበው የሚከለክለው የለም።

ለመተካት

«ሁለት አዲስ ኮምፒውተሮች ይገዙ» የሚል ሐሳብ በውይይት ላይ ነው እንበል። አንድ አባል ዕድል ጠይቆ «ይህ ሐሳብ ‹አሮጌዎቹ ተጠግነው አንድ አዲስ ይገዛ› በሚለው ይተካ» ይላል። ምትኩ ከጉዳዩ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት፤ ደጋፊም ያሻዋል። በጽሑፍ ቢሰጥ በጣም ጥሩ ነው፤ በቃል ብቻ የተነገረ ምትክ ድምፅ እስኪሰጥበት ድረስ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ሌላ ማሻሻያ ገና እልባት ሳያገኝ ግን ምትክ አይቀርብም፤ ያኛው መጀመሪያ ይወሰን።

ሰብሳቢው ሁለቱንም ያነባል። በመጀመሪያ የቀድሞውን፣ ቀጥሎ ምትኩን ማረም ለሚፈልጉ ዕድል ይሰጣል። ይህ ቅደም ተከተል የሚጠቅመው ቤቱ ሁለቱንም በተስተካከለ መልካቸው እንዲያነጻጽር ነው።

ብዙ ስብሰባ የሚሳሳተው ድምፅ አሰጣጡ ላይ ነው። ድምፅ የሚሰጠው ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው «የቀድሞው በምትኩ ይተካ?» የሚል ነው። አብላጫው «ይተካ» ቢል እንኳ ኮምፒውተር ይገዛ የሚል ውሳኔ ገና የለም፤ የተለወጠው ለውሳኔ የሚቀርበው ቃል ብቻ ነው። ሰብሳቢው አዲሱን ቃል እንደገና አንብቦ ሁለተኛውን ድምፅ ማሰጠት አለበት። ይህ ከተዘለለ ቃለ ጉባኤው ላይ የሚሰፍረው ቤቱ ያልወሰነው ነገር ይሆናል። ምትኩ ከወደቀም የቀድሞው ሐሳብ ባለበት ይቀጥልና ድምፅ ይሰጥበታል።

አቅራቢውና ደጋፊው ተስማምተው «እኛው አሻሽለነዋል» ቢሉስ? ሐሳቡ ለውይይት ከተከፈተ አይሆንም፤ ሰብሳቢው «ተቃውሞ አለ?» ብሎ ቤቱን ይጠይቅ፤ አንድም ሰው ቢቃወም እንደማንኛውም ማሻሻያ ድምፅ ይሰጥበት።