ሽንትዎ መልኩን ሲቀይር ምን ያድርጉ?

አንድ የጾም ቀን ማለዳ ሽንቴን ቀይ ሆኖ ሳየው ጉልበቴ ከዳኝ። ጤና ጣቢያ ልሮጥ ልብሴን እየለበስኩ ሳለሁ ነው ማታ እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ የበላሁት በያይነቱ ትዝ ያለኝ፤ ግማሹ ቀይ ስር ነበር። ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ ጎረቤታችን ደግሞ ደም እየሸኑ ወራት ዝም አሉ። ለምን ሲባሉ መልሳቸው «አላመመኝም እኮ!» ነበር። እኔ በከንቱ ደነገጥኩ፣ እሳቸው በከንቱ ተረጋጉ። ቀለሙን ብቻ አይቶ መፍረድ አሳሳች ስለሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ።

1. በብርሃን ይዩት

ጨለማ የጉድጓድ ሽንት ቤት ውስጥ ሆኖ ቀለም መለየት አይቻልም። አንገቱ በተቆረጠ ንጹህ ሃይላንድ ይሽኑና ብርሃን ላይ ይዩት። ፈዘዝ ካለ ቢጫ እስከ ማር መልክ ያለው ሁሉ ጤናማ ሊሆን ይችላል። አረፋው ቶሎ ከጠፋ በኃይል ስለወረደ ነው። በየቀኑ እየመጣ አልጠፋ ካለ፣ ይልቁንም ፊትና እግር ካበጠ፣ ኩላሊት ፕሮቲን እያፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ይመርመሩ።

2. ውሃ ይጠጡና ይጠብቁ

አዳማ ሙቀቷ ይታወቃል። የባጃጅ ሾፌሩ ሽንት ቤት ፍለጋ ላለመቆም ሲል ሳይጠጣ ይውላል፤ የረጅም መንገድ ተሳፋሪውም፣ ጿሚውም እንዲሁ። ኩላሊት ያኔ ውሃ ስለሚቆጥብ ሽንት ይጠቁራል፣ ሽታውም ይከብዳል። ሁለት ሦስት ብርጭቆ ውሃ ይጠጡና ቀጥሎ የሚሸኑትን ሁለት ሦስት ጊዜ ይመልከቱ። ከፈዘዘ የውሃ ጥም ነበር ማለት ነው። ሳይጠጡ መዋልን ልማድ ማድረግ ግን ለኩላሊት ጠጠር መንገድ ይጠርጋል።

የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ኖሮብዎት ሐኪም የውሃ መጠን ከወሰነልዎ ይህን ሙከራ ይተዉት። ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ሕፃን ለ6 ሰዓት ያህል ካልሸና ደግሞ እየጠበቁ አይቆዩ፤ ይዘውት ይሂዱ።

3. የበሉትንና የዋጡትን ያስታውሱ

ቀይ ስር ሽንትን ቀይ ወይም ሮዝ ያደርጋል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። ቢ ኮምፕሌክስ ደማቅ ቢጫ ያደርገዋል። ብዙዎች ፍላጂል የሚሉት ሜትሮኒዳዞል አንዳንዴ ያጠቁረዋል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ሽንትን ብቻ ሳይሆን እንባንና ላብንም ብርቱካናማ ያደርጋል፤ በዚህ ደንግጠው መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ። ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ሆኖ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ምግብ ካስጠላና ካስመለሰ ግን ነገሩ የጉበት ጉዳት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መድኃኒቱን ወደሚሰጥዎ ጤና ተቋም ይሂዱ።

4. ደም ከሆነ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በአንድ ሊትር ሽንት ውስጥ 1 ሚሊ ሊትር ደም እንኳ ቀለሙን ሊቀይረው ስለሚችል የቅላቱ መጠን የበሽታውን ክብደት አይናገርም። ሕመሙም አይናገርም። የኩላሊት ጠጠር ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ መቀመጫ የሚያሳጣ ሕመም አለው፤ የፊኛ ኢንፌክሽን ያቃጥላል፣ ቶሎ ቶሎ ያስሸናል። ሁለቱም ስለሚያሰቃዩ ሰው ወደ ሐኪም ይሮጣል። የፊኛ ካንሰር ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ያለ ምንም ሕመም ነው። ደሙ ለአንድ ቀን ይታይና ለሳምንታት ይጠፋል፤ ባለቤቱም ዳነሁ ይላል። ጋሼን ያዘናጋቸው ይኸው ነው፤ በኋላ ሲመረመሩ ፊኛቸው ውስጥ እባጭ ተገኘ። በተለይ ዕድሜዎ ከ40 በላይ ከሆነ ወይም ሲጋራ የሚያጨሱ ወይም ያጨሱ ከነበረ፣ አንድ ጊዜ የታየ ደም ቢጠፋም ይመርመሩ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መውሰድም ከምርመራ አያስቀርም።

ደሙ የታየው መጀመሪያ ላይ፣ መጨረሻ ላይ ወይስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ ሐኪሙ ምንጩን ለመገመት ይረዳዋል። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ደሙ ከየት እንደሆነ ለመለየት ትቸገራለች፤ ሲያበቃ ደግማ ትይ።

አንድ የአካባቢያችን ነገር ልጨምር። ከአዳማ ወደ ታች፣ በመካከለኛው አዋሽ፣ የፊኛ ቢልሃርዝያ፣ ማለትም ወንዝና ቦይ ውስጥ ሲገቡ በቆዳ የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ፣ አለ። በዚያ በእርሻ ሥራ የቆየ ወይም ወንዝና ቦይ ውስጥ የዋኘ ሰው፣ በተለይ ወጣት፣ ሽንቱ መጨረሻ ላይ ደም ካየ የነበረበትን ቦታ ለሐኪሙ ይንገር። ሕክምናው ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን ነው።

5. ጥቁር ሻይ ወይም ኮካ ከመሰለ

ዓይን ቢጫ ከሆነና ሰገራ ከነጣ የወፍ በሽታ የምንለው ነው፤ ጉበትና የሐሞት መስመር መታየት አለባቸው። ቅጠል ከመጨመቅ በፊት ምርመራው ይቅደም፤ አንዳንዱ ቅጠል የታመመ ጉበትን ይብስ ይጎዳል። ትኩሳት ካለ ወባን አይርሱ፤ ከወባ ጋር የመጣ ጥቁር ሽንት ለነገ አይባልም። ከከባድ የጉልበት ሥራ በኋላ ጡንቻ በጣም አሞ ሽንት ከጠቆረም እንዲሁ።

6. ከደፈረሰና ካቃጠለ

«ብርድ መትቶኝ ነው» ብሎ መድኃኒት ቤት ገብቶ ሲፕሮ የሚባለውን ፀረ ጀርም መድኃኒት መግዛት ተለምዷል። እኔ ይህን ልማድ አልወደውም፤ ምክንያቱም ጀርሙ መድኃኒቱን ይለምድና በኋላ ሲያስፈልግ አይሠራም። ከብልት የሚወጣ ፈሳሽ ካለ ጨብጥ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛም አብሮ መታከም አለበት። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ ወንድና የስኳር ሕመምተኛ በራሳቸው ግምት አይታከሙ።

7. እስከ ነገ የማይቆዩባቸው ምልክቶች

ፊኛ ሞልቶ ሽንት እምቢ ካለ፤ የረጋ ደም ከወጣ፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከጎን ሕመም ወይም ከትውከት ጋር ከመጣ፤ ነፍሰ ጡር ራሷን በኃይል ካመማት፣ ዓይኗ ከደበዘዘ ወይም ፊቷ ካበጠ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

8. ለላብራቶሪ ሲሰጡ

ሃይላንዱ ለቤት እንጂ ለላብራቶሪ አይሆንም፤ እነሱ የሚሰጡትን ክዳን ያለው ዕቃ ይቀበሉ። ብልትዎን በውሃ ይታጠቡ፣ የመጀመሪያውን ያፍስሱት፣ የመሐለኛውን ይቅዱ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያስረክቡ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የወር አበባ ካለም እሱን፣ ይንገሩ።

ውጤቱ «ኢንፌክሽንም ደምም አለ» ካለ መድኃኒቱን ጨርሰው እንደገና ያስመርምሩ። ደሙ አሁንም ካለ «ኢንፌክሽኑ ነው» ብለው አይለፉት፤ የአልትራሳውንድና የፊኛ ምርመራ ያስፈልገኝ እንደሆነ ብለው ይጠይቁ፣ የፊተኛውን የውጤት ወረቀትም ይዘው ይሂዱ።