ባሕሩ ሲናወጥ ስትራይፕድ ባስ ከዳርቻ ማጥመድ፦ ችግርና መፍትሄ

ስትራይፕድ ባስ ጎኑ ላይ ከጉንጩ ሥር እስከ ጭራው የሚወርዱ ሰባት ስምንት ጥቁር መስመሮች ያሉት የአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ዓሣ ነው። ጸደይ ላይ (ከመጋቢት እስከ ግንቦት) ከቼሳፒክ፣ ከደላዌርና ከሀድሰን ወንዞችና የባሕር ወሽመጦች ወጥቶ ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ የአሜሪካ በልግ (ከመስከረም እስከ ኅዳር) ሲገባ ተመልሶ ይወርዳል። ከዋሽንግተንና ከሜሪላንድ የሚነሳ ሰው አሳቲግ ደሴት ላይ ያገኘዋል። ሞገድ ሲበረታ አይሸሽም፤ ጭራው ሰፊና ብርቱ ስለሆነ፣ አረፋው ሥር የሚንገላቱትን ትናንሽ ዓሦች እዚያው ይበላል። እንዲህ ባለ ቀን ባዶ እጅ መመለስ በአብዛኛው ዓሣ ጠፍቶ አይደለም። መንጠቆው ላይ ያደረጋችሁት ምግብ ዓሣው ካለበት ቦታ ላይ መቆየት ስላቃተው ነው።

እርሳሱ አይቆምም፤ ክሩ ወደ ጎን እየተወሰደ ዳርቻ ይደርሳል

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ከባድ እርሳስ፣ ማለትም ክሩን ወደ ታች የሚይዝ የብረት ክብደት፣ ማሰር ነው። ነገር ግን ዳርቻውን ተከትሎ የሚሄደው ጅረት በዋናነት የሚገፋው እርሳሱን ሳይሆን ውሃ ውስጥ የተዘረጋውን ረጅም ክር ነው። ስለዚህ ከክሩ ጀምሩ። 0.45 ሚሊሜትር ገደማ የሚወፍር ናይለን ካላችሁ፣ 0.28 ገደማ በሆነ ባለ 30 ፓውንድ (13.6 ኪሎ ገደማ የሚችል) ሹሩባ ክር፣ ማለትም ከቀጫጭን ክሮች በተጎነጎነ ክር፣ ተኩት። ዘንጉን አሸዋ ውስጥ በሚተከለው ማቆሚያ ቱቦ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ቀጥ ያለ አቋም አቅርቡት፤ ጫፉ ከፍ ባለ ቁጥር ክሩ ቅርብ ከሚሰበሩት ሞገዶች በላይ ያልፋል።

ቀጥሎ የአጣጣል ዘዴውን ቀይሩ። ጅረቱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ 20 ወይም 30 እርምጃ ሂዱና ከዚያ ወርውሩ። እርሳሱ መሬት እንደነካ ክር እየለቀቃችሁ ወደ ማቆሚያችሁ ተመለሱ። ክሩ እንደ ቀስት ጎበጥ ይላል፤ ይህ ጉብጠት እርሳሱን በአግድም ስለሚስበው ከመነሳት ይልቅ አሸዋው ውስጥ ይቀበራል። ክሩን ወዲያው ወጥራችሁ ብትስቡት ግን ትነቅሉታላችሁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልቆመ የእርሳሱን ቅርጽ ተመልከቱ። ክብ እርሳስ ይንከባለላል፤ ፒራሚድ ይሻላል፤ ከሁሉም የሚይዘው አራት የሽቦ እግሮች ያሉት ስፑትኒክ ነው፤ ስትስቡት እግሮቹ ወደ ኋላ ይታጠፋሉ። ከ4 አውንስ (113 ግራም) ጀምራችሁ እስከ 6 አውንስ (170 ግራም) ውጡ፤ 8 አውንስ (227 ግራም) ለመወርወር ግን ዘንጉ የሚችል መሆኑን ከእጀታው በላይ ከተጻፈው ቁጥር አረጋግጡ። ባለ እግር 8 አውንስ የማያቆመው ጅረት ካጋጠማችሁ ቦታ ቀይሩ።

ስትወረውሩ ክሩ ተበጥሶ እርሳሱ ይበራል

ምክንያቱ ከዋናው ክር ፊት የሚታሰረው ወፍራም መሪ ክር አለመኖሩ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ አውንስ እርሳስ 10 ፓውንድ። ለ6 አውንስ እርሳስ ባለ 60 ፓውንድ ናይለን ያስፈልጋል ማለት ነው። ርዝመቱ የዘንጉን እጥፍ ሆኖ፣ ሪሉ (ክር መጠቅለያው) ላይ ደግሞ አምስት ስድስት ዙር የሚጠመጠም ይሁን። ለሹሩባ ክር ኤፍ ጂ የሚባለው ቋጠሮ ቀጭን ስለሆነ በዘንጉ ቀለበቶች መሃል ሳይጋጭ ያልፋል። የተበጠሰ እርሳስ ሰው ሊገድል ስለሚችል፣ ይህን ሳታስተካክሉ ሰው ባለበት ዳርቻ አትወርውሩ።

ምግቡ ሳይነካ የተበላ ይመስላል፤ መንጠቆው ባዶ ይወጣል

ማዕበል ሰርፍ ክላም የሚባሉትን ባለ ዛጎል እንስሳት ከአሸዋው ነቅሎ ይበትናቸዋል። ከማዕበል በኋላ ስትራይፕድ ባስ ክላም የሚፈልገው ለዚህ ነው። ሥጋው ግን ለስላሳ ስለሆነ በውርወራው ብቻ ይወልቃል። በተለጠጠ ቀጭን ላስቲክ ክር 10 ወይም 15 ጊዜ ጠምጥሙት። ምግባችሁ መንሃደን የሚባለው ዓሣ ከሆነ የጭንቅላቱ ቁራጭ ከመሃሉ ሥጋ ይልቅ ይቆያል። መንጠቆው የታሰረበት አጭር ክር ከ45 ሴንቲሜትር አይርዘም፤ ሲረዝም ሞገዱ ዋናው ክር ላይ ይጠመጥመዋል። በየ15 ወይም 20 ደቂቃው አውጥታችሁ እዩ። የላስቲኩ ክር ተቆራርጦ ከወጣ ግን የሸርጣን ሥራ ነው፤ ከቦታው ራቅ በሉ።

ዘንጉ ይንቀጠቀጣል፤ ስትመቱ (ዘንጉን በኃይል ስትነጥቁ) ግን ዓሣ የለም

የሞገድ ንዝረት ምት አለው፦ ዘንጉ ቀስ ብሎ ይጎብጣል፣ ይመለሳል። ዓሣ ግን ያለ ምት ይደቁሳል። አንዳንዴ ደግሞ የተወጠረው ክር በድንገት ይላላል፤ ዓሣው እርሳሱን ነቅሎ ወደ እናንተ መጥቷል ማለት ነውና ቶሎ ቶሎ ጠቅልሉ።

በምግብ ስትራይፕድ ባስ ለማጥመድ በአትላንቲክ ዳርቻ ግዛቶች የሚፈለገው ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ መንጠቆ ነው። ይህ መንጠቆ ሲመታ ከአፉ ተስቦ ይወጣል። ዘንጉ በዓሣው ክብደት እስኪጎብጥ ጠብቁና ሳትነጥቁ ብቻ ጠቅልሉ። 8/0 ጥሩ መጠን ነው፤ ምግቡ የመንጠቆውን አፍ እንዳይሸፍን ተጠንቀቁ።

ክሩ ላይ የባሕር ሣር ይሞላል

በመሣሪያ አይፈታም። ሁለት ሦስት ውርወራ ሣር ብቻ ካመጣ ሌላ ዳርቻ ሂዱ።

ሁሉ ነገር ደህና ነው፤ ዓሣ ግን አይነካም

ቦታው ልክ አይደለም። ውሃው ሲጎድል መጥታችሁ አሸዋውን እዩ። ሞገድ የሚሰበረው የአሸዋ ክምር ላይ ነው፤ ነጭ አረፋ በሁለት በኩል ሆኖ መሃሉ ላይ ሞገድ የማይሰበርበት ጠቆር ያለ ክፍተት ካለ፣ እዚያ ጥልቅ መተላለፊያ አለ። ዓሣው ምግብ የሚጠብቀው በዚህ ጠርዝ ላይ ነው። ምግባችሁን አረፋውና ጥቁሩ ውሃ በሚገናኙበት ጣሉ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ዓሣው ከእግራችሁ 15 ሜትር ርቀት ላይ ነውና ሩቅ መወርወር ግዴታ አይደለም።

ያው ክፍተት ግን ወደ ውቅያኖስ የሚጎትት ጅረት መውጫ ነው። እዚያ ውሃ ውስጥ አትግቡ። ከተወሰዳችሁ ጅረቱን አትታገሉ፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ። የውሃ ሱሪ ከለበሳችሁ ቀበቶውን አጥብቁ።

ዓሣው ዳርቻው ላይ ያመልጣል

የሚመለሰው ውሃ ከዓሣው ክብደት ጋር ተደምሮ ክሩን ይበጥሳል። የሪሉን ፍሬን ከክሩ ጥንካሬ አንድ አራተኛ ላይ አድርጉት፤ ለ30 ፓውንድ ክር 3.5 ኪሎ ገደማ ነው፤ በእጅ ሚዛን ለኩት። ውሃው ሲመለስ ክር ስጡ፤ ቀጣዩ ሞገድ ዓሣውን ሲያነሳው ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ሳቡት።

በ2025 (እ.ኤ.አ.) ደንብ በውቅያኖስ በኩል ይዞ መሄድ የተፈቀደው በቀን አንድ ዓሣ፣ ርዝመቱም ከ28 እስከ 31 ኢንች (71–79 ሴንቲሜትር) የሆነ ነበር፤ ደንቡ ስለሚለዋወጥ ከመውጣታችሁ በፊት የግዛቱን አረጋግጡ። ከዚህ የሚበልጡት አብዛኞቹ እንቁላል የሚጥሉ እንስቶች ናቸው። ደረቅ አሸዋ ላይ አትጎትቱአቸው፤ በእርጥብ እጅ ይዛችሁ ሆዳቸውን ደግፉ፤ ከጭንቅላታቸው ጎን ያለውን መተንፈሻቸውን አትንኩ። ጭንቅላታቸውን ወደ ሞገዱ አዙራችሁ ያዙአቸው፤ ጭራቸው በራሱ ሲገፋ ልቀቁ።