የአሜሪካ ጡረታ ይዞ አዲስ አበባ ገብቶ ለመኖር ምን ምን ማድረግ ያስፈልጋል

ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ 27 ዓመት ኖሬ በ2022 ጠቅልዬ አዲስ አበባ ገባሁ። ምክንያቱ ሌላ ሳይሆን ሂሳብ ነው። ከሶሻል ሴኪዩሪቲ የማገኛት ጡረታ እዛ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ከከፈልኩባት በኋላ ለመብራትና ለአስቤዛ የምትተርፈው ትንሽ ነበረች፣ ጉልበቴ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ሳነሳና ሳገላብጥ አልቋል። እዚህ በዛችው ገንዘብ ቤት ተከራይቼ፣ የምታግዘኝ ልጅ ቀጥሬ፣ ሀኪም ከፍዬ እኖራለሁ። ብዙ ሰው እየደወለ እንዴት አደረግሽው ይለኛል፣ ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደግመው ብዬ ነው የጻፍኩት። የምጽፈው የአሜሪካ ዜግነት ላለውና ጡረታ ለደረሰ ወይም ለቀረበ ሰው ነው። ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁ ጉዳያችሁ ለየት ይላል፣ ከ1 ዓመት በላይ ያለ ፈቃድ ውጭ ከቆያችሁ ካርዱ ራሱ አደጋ ላይ ነው፣ ለጡረታውም የተለየ ህግ ስላለ ሳትንቀሳቀሱ ጠይቁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፣ እዚህ ኑሮ የሚረክስላችሁ ዶላሩ ከዛ እስከመጣ ድረስ ብቻ ነው። የዶላሩ መምጫ አንድ ወር ከተዘጋ ኑሮው ርካሽ መሆኑ ምንም አይጠቅማችሁም። ስለዚህ የስራው አብዛኛው ክፍል የሚሰራው እዛው አሜሪካ፣ ሻንጣ ሳይታሰር ነው።

ደረጃ 1፡ በክረምት ሞክሩት

ሰው ለገናና ለጥምቀት ይመጣና ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በየቤቱ ተጋብዞ ይመለስና "አዲስ አበባማ ገነት ነች" ይላል። ኑሮ እንደዛ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴን ኖራችሁ እዩት፣ ብርዱን፣ ጭቃውን፣ መብራት ሲሄድ፣ ውሃ ሶስት ቀን ሲጠፋ። ሆቴል ወይ እህት ቤት ሳይሆን ቤት ተከራይታችሁ ቢያንስ ሶስት ወር፣ ያወጣችሁትንም ሳንቲም ሳይቀር እየጻፋችሁ።

ከፍታውንም አትርሱ። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነች፣ ልብ ወይም ሳንባ የሚያስቸግረው ሰው ደረጃ ሲወጣ ያውቃታል። አንዲት ጓደኛዬ ሞክራ ትንፋሽ ሲያጥራት ሀዋሳ ወረደች፣ ሀዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሩ ተስማማት። ቢሾፍቱም ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች፣ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ደግሞ ለሀኪም ተመላልሶ መምጣት ይቻላል።

ደረጃ 2 እና 3፡ ቢጫ ካርድ፣ እና ጡረታውን መቼ ማስጀመር

ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፣ ነገር ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ይሰጣል፣ ሁላችንም ቢጫ ካርድ የምንለው ማለት ነው። በሱ ያለ ቪዛ ትገባላችሁ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ትኖራላችሁ፣ ያለ ስራ ፈቃድ ትሰራላችሁ፣ ቤትም በስማችሁ መያዝ ትችላላችሁ። መምረጥና መመረጥ የለም። ኤምባሲው ጋር ወይም እዚህ ኢሚግሬሽን ይወጣል፣ እኔ ከዛው አውጥታችሁ ኑ ነው የምለው። ችግር የሚፈጥረው ስም ነው። ዜግነት ስትወስዱ ስም የቀየራችሁ ወይም ያሳጠራችሁ ሰዎች በድሮው የኢትዮጵያ ፓስፖርትና በአሁኑ ላይ ያሉት ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ማሳየት አለባችሁ፣ ስለዚህ የዜግነት ሰርተፍኬቱን ኦሪጅናል በእጅ ቦርሳ ያዙ፣ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ።

ጡረታውን በ62 ማስጀመር ይቻላል፣ በፈረንጆቹ በ1960ና ከዛ በኋላ የተወለደ ሰው ግን ሙሉውን የሚያገኘው በ67 ነው፣ በ62 ከጀመረ 30 ፐርሰንት ይቀነስበታል፣ ቅናሹም እስከ እድሜ ልክ ነው። ኢትዮጵያ ላይ የተቀነሰውም ይበቃል የሚል ሰው አለ፣ እኔም በ62 ነው የጀመርኩት፣ ጉልበት ካላችሁ ግን ብትቆዩ ይሻላል ባይ ነኝ፣ የዋጋ ንረቱ እዚህም አለና።

ደረጃ 4፡ ፖስታ ሳጥን እና 7162 ቁጥር ፎርም

እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ እኔ አምስት ወር ያለ ገቢ የተቀመጥኩት በዚህ ነው።

ሶሻል ሴኪዩሪቲ ከአሜሪካ ውጭ ለሚኖር ጡረተኛ ኤስኤስኤ 7162 የሚባል ፎርም ይልካል፣ ለአንዱ በየዓመቱ ለሌላው በየሁለት ዓመቱ። አለህ ወይ፣ አድራሻህ ተቀይሯል ወይ፣ አግብተሃል ወይ፣ ስራ እየሰራህ ነው ወይ ይላል። ሞልታችሁ ፈርማችሁ ካልመለሳችሁ ክፍያው ይቆማል፣ ሌላ ጣጣ የለውም፣ በቃ ይቆማል።

እኔ ስመጣ አድራሻ መቀየሬን በደንብ አስመዘገብኩ፣ ያስመዘገብኩት ግን የተከራየሁትን ቤት ነው፣ ወረዳውን፣ የቤት ቁጥሩን፣ የቀበሌ መታወቂያ ላይ እንደሚጻፈው። 27 ዓመት ፖስታ በር ድረስ ሲመጣልኝ ኖሬ እዚህ ፖስታ ቤት ለቤት እንደማይዞር ረስቻለሁ። እዚህ ደብዳቤ የሚመጣው በፖስታ ሳጥን ነው፣ ፖስታ ሳጥን ቁጥር የሌለው ፖስታ የትም አይደርስም። ፎርሙ በ2023 ተላከ፣ አላየሁትም። ማስታወሻም ተላከ፣ እሱንም አላየሁም። በ2024 ፌብሩዋሪ ላይ ባንኬን ስከፍት ገንዘብ የለም። ሳምንት ጠበቅሁ፣ በዓል ይሆናል አልኩ፣ ሁለተኛው ወርም አልገባም። የልጅቷን ደሞዝና የቤት ኪራዩን ከእህቴ ተበድሬ ከፈልኩ፣ እህቴ ደግሞ ራሷ በጡረታ የምትኖር አስተማሪ ነች፣ እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

የተስተካከለው እንዲህ ነው፣ ፎርሙ ዌብሳይታቸው ላይ አለ፣ አውርጄ አትሜ ሞልቼ ፈርሜ በዲኤችኤል ላክሁ። ከዛም ስልክና ጥበቃ። ጁላይ ላይ ክፍያው ተመለሰ፣ የተያዘውም አንድ ላይ ገባ፣ አንድም ዶላር አልቀረብኝም። ያስተማረኝን ግን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፦

መጀመሪያ እዚህ እንደመጣችሁ (ቢቻል በሙከራው ሶስት ወር) የኢትዮጵያ ፖስታ ሄዳችሁ ሳጥን ተከራዩ። ሳጥኑ አልገኝ ካለ የምታምኑት ሰው ወይም ቤተክርስቲያናችሁ ወይም የዘመድ ቢሮ ያለውን ቁጥር ተጠቀሙ፣ ግን ደብዳቤ መጣ ብሎ የሚደውል ሰው ይሁን። ለሶሻል ሴኪዩሪቲ የምትሰጡት አድራሻ ያ ነው። ከዛ ፎርሙ ብዙ ጊዜ ከሜይ ጀምሮ ስለሚላክ ከሰኔ ጀምሮ በየሳምንቱ ሳጥኑን እዩ፣ ነሐሴ ድረስ ካልመጣ ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ፣ የዓመቱ ተራ የናንተ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። የላካችሁበትን ደረሰኝ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። "የልጄን አሜሪካ ያለ አድራሻ ብሰጥስ" የሚሉኝ አሉ፣ አታድርጉት፣ አገር መልቀቅን የማሳወቅ ግዴታ አለ፣ በኋላ ሲታወቅ መዘዙ ይበልጣል።

ስራውን በተመለከተም አንድ ወጥመድ አለ። ሙሉ የጡረታ እድሜያችሁ ሳይደርስ የአሜሪካ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ታክስ የማይከፈልበት ስራ እዚህ በወር ከ45 ሰዓት በላይ ከሰራችሁ የዛ ወር ክፍያ ይያዛል። የሚታየው ሰዓቱ እንጂ ያገኛችሁት ብር አይደለም። ቢጫ ካርዱ ስራ ስለፈቀደላችሁ አሜሪካም ፈቅዳለች ማለት አይደለም።

ደረጃ 5፡ የአሜሪካ ስልክ ቁጥርና ባንክ

ባንኩን አትዝጉ፣ ጡረታው እዛው ይግባ። ባንክ ሊያስገባችሁ ኮድ የሚልከው በስልክ ስለሆነ ቁጥራችሁን ከጣላችሁ ገንዘባችሁን በሩቅ ማየትም አትችሉም። ብዙ ሰው ቁጥሩን 20 ዶላር ከፍሎ ወደ ጉግል ቮይስ ያዛውራል፣ ርካሽ ነው፣ ግን አንዳንድ ባንክ ወደዛ ኮድ አይልክም። የኔ ምርጫ በዋይፋይ መቀበል የሚችል በጣም ርካሹን የወር ፕላን መያዝ ነው። የሶሻል ሴኪዩሪቲ ኦንላይን አካውንቱንም እዛ ሳላችሁ ክፈቱ፣ ከዚህ ሆኖ መክፈት እንቆቅልሽ ነው።

ደረጃ 6፡ ህክምና

ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግስት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ እዚህ አይከፍልም። ከጥቂት ለየት ያሉ ሁኔታዎች በስተቀር ከአሜሪካ ውጭ የታከማችሁትን አይሸፍንም፣ ስለዚህ ፓርት ቢ (በየወሩ የሚከፈልበት የሀኪምና የተመላላሽ ህክምና ክፍሉ) ለምን እከፍላለሁ የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ በ2025 በወር 185 ዶላር ነበር። ከተዋችሁት በኋላ ተመልሳችሁ ስትገቡ ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 ፐርሰንት ይጨመርባችኋል፣ ጭማሪውም አብሯችሁ ይኖራል፣ መመዝገቢያውም ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ብቻ ነው። እኔ 65 ሲሞላኝ ወሰድኩት፣ ልጄ ሜሪላንድ ስላለች ከባድ ነገር ከመጣ እዛ ሄጄ ነው የምታከመው። እዛ ማንም የሌለው፣ መመለስም የማያስብ ሰው ቢተወው አልፈርድበትም።

ለእለት ተእለቱ ግን እዚህ ከኪስ ነው። የግል ሆስፒታል አልጋ ከመያዙ በፊት ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል፣ ስለዚህ በብር ለብቻው የተቀመጠ፣ የማይነካ ገንዘብ ይኑራችሁ፣ ከቤት ሰው አንዱ ሊያወጣው የሚችል። መድኃኒት የሶስት ወር ይዛችሁ ኑ፣ የመድኃኒቱን የኬሚካል ስም በወረቀት አጽፉ፣ እዚህ በሌላ የንግድ ስም ይሸጥ ይሆናል።

ደረጃ 7፡ ገንዘብ ማምጣት

በየወሩ የሚያስፈልጋችሁን ያህል ብቻ መንዝሩ። በ2022 አንድ የማውቀው ሰው ቤቱን ሸጦ የመጣበትን ዶላር በሙሉ በአንዴ ወደ ብር ቀየረው፣ ወለዱ ጥሩ ነው ብሎ። ጁላይ 29 ቀን 2024 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ሆነ፣ የሰውየው ቁጠባ በዶላር ሲታሰብ ወደ ግማሽ ወረደ። በባንክ ላኩ፣ ደረሰኙን አኑሩ፣ ለዲያስፖራ የሚከፈት የውጭ ምንዛሪ ሂሳብም አለ። ባንክ ፋይዳ የሚባለውን ብሔራዊ መታወቂያ ስለሚጠይቅ ቢጫ ካርዱን ይዛችሁ ቶሎ ተመዝገቡ።

የአሜሪካ ታክስ ማስገባት አይቆምም፣ የትም ብትኖሩ ዜጋ ናችሁ። እዚህ ያሏችሁ አካውንቶች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳን ከ10,000 ዶላር ካለፉ ኤፍባር የሚባለውን ሪፖርት በኦንላይን ማስገባት አለባችሁ። ነጻ ነው፣ ቅጣቱ ግን ከባድ ነው።

ደረጃ 8፡ ቤት

በመጀመሪያው ዓመት አትግዙ፣ ተከራዩ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ነው፣ ውሉም ይመዘገባል። ከአሜሪካ መምጣታችሁን ያወቀ ደላላ ስድስት ወር ወይ በዶላር ክፈሉ ቢላችሁ ህጉን ጥቀሱለትና ሌላ ቤት እዩ። ድርድሩን እዚህ የሚኖር ዘመድ ይያዘው፣ እናንተ ቤቱን ለማየት ብቻ ሂዱ።

ስታዩ ቀለሙን ሳይሆን ውሃውን ጠይቁ፣ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤቱን። በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚመጣው፣ ሮቶ አለ ወይ፣ ፓምፑ በማን መብራት ነው የሚሰራው። አብዛኛው ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለውም፣ ዛሬ አራተኛ ፎቅ ብትወጡም በ75 ዓመታችሁ አስቡት። እኔ ምድር ላይ ነው የያዝኩት፣ ትንሽ ጨምሬ።

ደረጃ 9፡ እድርና ዘመድ

ለዘመድ የምትሰጡትን በወር ወስኑና ለአንድ ሰው፣ ለታላቅ ወይ ለእህት፣ አስረክቡ፣ እሱ ያከፋፍል። በየቀኑ በር እየተንኳኳ አይሆንም፣ እናንተም ትጎዳላችሁ ፍቅሩም ይጎዳል። ጡረተኛ እንጂ ባለሀብት አለመሆናችሁን ከመጀመሪያው ሳምንት በግልጽ ተናገሩ።

እድር ግን ሳይውል ሳያድር ግቡ። ለአዲስ ገቢ መመዝገቢያ ያስከፍላሉ፣ ክፈሉ፣ ወርሃዊውንም አታሳልፉ፣ ለቅሶ ስትጠሩም ሂዱና ተቀመጡ። ባለፈው ክረምት ሌሊት ታምሜ መኪና ያመጡልኝ፣ ሆስፒታል አብረውኝ ያደሩት የእድሩ ሰዎች ናቸው፣ ስሜን በደንብ እንኳን አያውቁትም ነበር፣ "የአሜሪካዋ እትዬ" ነበር የሚሉኝ። የእድሩን ጸሐፊ ስልክ፣ የፖስታ ሳጥን ቁጥሩንና የ7162 ፎርሙን ቀን አንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ የምታግዘኝ ልጅም የት እንዳለ ታውቃለች።