ዎክማን ክር ሲበላና ድምፅ ሲጎትት፦ ችግርና መፍትሄ

የሠርግ፣ የማሲንቆ ወይም የቅኔ ካሴት ቤቱ ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ፦ ሌላ ቅጂ የሌለውን ካሴት ባልተፈተሸ ዎክማን (በእጅ የሚያዝ ትንሽ የካሴት ማጫወቻ) አያጫውት። መፈተሻው ቢበላሽ የማይቆጭ ካሴት ይሁን።

ሞተሩ ይሰማል፣ ካሴቱ ግን አይዞርም፤ ወይም ድምፁ እየተጎተተ ይሄዳል። በአሮጌ ዎክማን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቺንጋው፣ ማለትም የሞተሩን ዙር ወደ መዘውሩ የሚያስተላልፈው ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ይላላል፤ አንዳንዱም እንደ ሬንጅ ይቀልጣል። ጀርባውን በትንሽ ካቻቢቴ ይፍቱ። የቀለጠውን በጥጥና ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አልኮል ይጥረጉ፤ መዘውሩ ላይ ጥቂት እንኳ ከቀረ አዲሱ ቺንጋ ይንሸራተታል። አሮጌው ካልተበጠሰ ዙሪያውን ለክተው አዲሱን 5 በመቶ ያህል አሳጥረው ይግዙ፤ አሮጌው ተለጥጧልና። ከዚያ በላይ ከጠበቀ ሞተሩን ያስጨንቃል። የብር ማሰሪያ ላስቲክ በፍጹም አይተካውም፤ ውፍረቱ እኩል ስላልሆነ ድምፁን ያወዛውዛል።

ሞተሩ ጭራሽ ካልተነሳ የድንጋይ ቤቱን ይዩ። ድንጋይ ፈስሶ የዛገውን ሽቦ በኮምጣጤ በተነከረ ጥጥ ጠርገው፣ በአልኮል አድርቀው ይሞክሩ።

ክር የሚበላ ከሆነ ወይ ክሩን ከብረት ዘንጉ ጋር የሚጫነው ጎማ ቆሽሿል ወይም ደርቋል፣ አለዚያም ክሩን የሚጠቀልለው ጥርስ አይዞርም። መጀመሪያ ያለ ካሴት አጫውተው የጥርሱን መዞር ያረጋግጡ። ጎማውን በሳሙና ውሃ፣ የብረት ዘንጉንና ሄዱን (ድምፁን ከክሩ የሚያነበውን ክፍል) በአልኮል ያጽዱ። የ120 ደቂቃ ካሴት ክሩ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይበላል።

ሄዱ ጸድቶም ድምፁ ከታፈነ፣ ከሄዱ ጎን ስፕሪንግ ያለበትን ብሎን ቦታውን በቀለም ምልክት አድርገው፣ ቀጭኑ ድምፅ እስኪጠራ በጥቂት በጥቂቱ ያዙሩት።

የጎጃም ክረምት ያገኘው ካሴት ነጭ ሻጋታ ካወጣ አያጫውቱት፤ ሻጋታው ሄዱን ይዞ ወደ ሌላው ካሴት ይሻገራል። አየር ባለው ጥላ ያድርቁት፤ ፀሐይ ልባሱን ያጣምመዋል።

ለመግዛት ከሆነ፣ አዲሶቹ በአብዛኛው ቀላል ማሽን ያላቸው ናቸው፤ መዘውራቸው ትንሽ ስለሆነ ረጅም የማሲንቆ ድምፅ ላይ መወዛወዙ ይሰማል። ቺንጋው የተቀየረለት ደህና አሮጌ ዎክማን ይበልጣል። ግን በሁለት ተራ ድንጋይ የሚሠራውን ይምረጡ፤ የ1979ኙ የመጀመሪያው የሶኒ ዎክማንም እንዲሁ ነበር። እንደ ማስቲካ ጠፍጣፋ ባትሪ የሚወስደውን ግን ይተዉት፤ ተራ ድንጋይ ደብረ ማርቆስም ፍኖተ ሰላምም ሱቅ ሁሉ ይገኛል፣ ያኛው አይገኝም።