የቴክኒክ ጉድለት ክስ የተጻፈበት መኪና፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና ጥገናው

አንድ መኪና ከፋብሪካ ከወጣበት መልክ ተለውጦ ሲገኝና ትራፊክ ፖሊስ የቴክኒክ ጉድለት ብሎ ክስ ሲጽፍበት፣ ብዙው ባለንብረት ቅጣቱን ከፍሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ባሕር ዳር ውስጥ በምሠራበት ጋራዥ አንድ ወጣት መጥቶ «ጋሼ፣ ቅጣቱን ከፍያለሁ፤ ታዲያ ለምን ደግመው ያዙኝ?» ሲል ጠየቀኝ። የከፈለው ለጥፋቱ እንጂ ለጉድለቱ አልነበረም፤ መኪናው በማግሥቱ መንገድ የወጣው ያንኑ ጉድለት ይዞ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ እጅዎ እንደገባ የተጻፈውን ረጋ ብለው ያንብቡ። «መብራት» ወይም «ጎማ» ተብሎ ብቻ ታልፎ ከሆነ፣ ጉድለቱ በትክክል ምን እንደሆነ ፖሊሱን እዚያው በትሕትና ይጠይቁና የተባለውን ክፍል በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ መካኒኩ የሚነሣው ከዚያ ነውና።

መብራቱ የሌላውን አሽከርካሪ ዓይን ያጥበረብራል ከተባለ

በእጄ ከሚያልፉት ክሶች የሚበዛው ይህ ነው፤ መንስኤውም ሁልጊዜ አንድ ስላልሆነ አምፖል በመቀየር ብቻ አይፈታም።

የመጀመሪያው መንስኤ ለሃሎጅን አምፖል በተሠራ ፋኖስ ውስጥ ኤልኢዲ ወይም ዜኖን መግጠም ነው። የፋኖሱ ውስጣዊ መስታወት ብርሃኑን ወደ መንገዱ የሚያወርደው፣ የሃሎጅኗ ቀጭን የምትነድ ሽቦ በተቀመጠችበት ቦታ ልክ ተሰልቶ ነው፤ ብርሃኑ ከሌላ ቦታና በሌላ ቅርጽ ሲነሣ ግን ተበትኖ ወደ ላይ ይወጣል። ማታ ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ ዳር ከገበያ የሚመለስ ሰው አህያውን እየነዳ ሲሄድ፣ የሚመጣው አሽከርካሪ ዓይኑ በዚህ ብርሃን ከተመታ አህያውንም ሰውየውንም አያይም። መፍትሄው ፋኖሱ ወደ ተሠራበት የአምፖል ዓይነት መመለስ ነው። ኤች ፎር (ረጅሙንም አጭሩንም መብራት በአንድ የሚይዘው አምፖል) ከሆነ 60 ዋት ለረጅም መብራት፣ 55 ዋት ለአጭር መብራት የሆነውን ይግጠሙ። «ብርሃን አነሰኝ» ብለው 100 ዋት የሚያስገቡ አሉ፤ በ12 ቮልት 55 ዋቱ 4.6 አምፔር ገደማ ሲስብ 100 ዋቱ ከ8 አምፔር በላይ ይስባል፣ ለዚህ ያልታሰበው የፋብሪካ ሽቦም ይግላል። ከአንድ ቪትዝ ያወጣሁት የአምፖል ሶኬት ነጭ የነበረው ፕላስቲክ የሻይ ቀለም ይዞ፣ አንዱ ጥርስ ቀልጦ ከአምፖሉ ጋር ተጣብቆ ነበር። ብርሃኑ ያነሰው ፋኖሱ ደብዝዞ ወይም የመሬት ሽቦው ጫፍ በክረምቱ እርጥበት አረንጓዴ ዝገት ይዞ ከሆነ፣ ፋኖሱን ማስወልወልና ሽቦውን እስከ ንጹሕ መዳቡ ማጽዳት ከጠንካራ አምፖል ይልቅ ይረዳል።

ሁለተኛው መንስኤ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ለጃፓን ገበያ ተሠርቶ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና፣ ፋኖሱ ካልተቀየረለት አጭር መብራቱ በግራ በኩል ከፍ ይላል። ጃፓን በግራ በኩል ስለሚነዳ እዚያ ከፍ የሚለው ብርሃን የሚያበራው የመንገዱን ዳር ነው፤ እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ግን በቀጥታ ፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይመታል። ይህ በማስተካከያ ብሎን አይድንም፤ ለቀኝ መንገድ የተሠራ ፋኖስ ሁለቱንም መግጠም ግድ ነው። ወጪው ያስቸግራል፤ ቢሆንም መኪናውን ማታ የሚነዳ ሰው ሊያልፈው የማይገባ ወጪ ነው።

ሦስተኛው የአቅጣጫ መዛባት ነው። የኋላው ሞላ ሲደክም ወይም ሻንጣው ሲጫን የመኪናው አፍንጫ ወደ ሰማይ ያያል። ጎማዎቹን በትክክለኛው ነፋስ ሞልተው፣ አንድ ሰው በሹፌር ወንበር አስቀምጠው፣ በደልዳላ መሬት ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ይራቁ። የአጭር መብራቱ የላይኛው ጠርዝ ከፋኖሱ መሐል 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ግድግዳው ላይ ሊያርፍ ይገባል።

ጎማው ከአካሉ ወጥቷል ወይም መኪናው ከፍ ብሏል ከተባለ

የጠጠር መንገድ የሚመላለስ ሰው ታችኛው አካል እንዳይመታበት ከሞላው ሥር ድጋፍ አስገብቶ ትልቅ ጎማ ይገጥማል። ችግሩን እረዳለሁ፤ ሆኖም የጎማ ልኩ 165/70 በ14 የነበረውን ወደ 185/70 በ14 ሲለውጡ የጎማው ቁመት ወደ 5 ከመቶ ስለሚጨምር፣ በመጠኑ ልዩነት ብቻ ሲሰላ ፍጥነት መለኪያው 80 ሲል መኪናው 84 ገደማ ይሄዳል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ የፍሬን ቱቦው ነው። መሪውን እስከ መጨረሻ አዙረው የጎማውን የውስጥ ጎን ይመልከቱ፤ የሚያብረቀርቅ መስመር ካለ ጎማው አንድ ነገር እየነካ ነው፤ ያ ነገር ቱቦው ከሆነ ላስቲኩ ተፍቆ የውስጡ ክር ይታያል። እንዲህ ከሆነ መኪናውን አይንዱት፤ ቱቦውን በአዲስ ይቀይሩ፣ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ወደ ተለጠፈው የጎማ ልክ ይመለሱ፣ ከዚያም አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ያሠሩ።

ድምፅና የመስታወት ላስቲክ

ማርሚታው ተቆርጦ ቀጥታ ቱቦ የተገጠመበት መኪና ጥገናው አጭር ነው፦ ማርሚታውን መልሶ ማስበየድ። ለቦሎ ቀን ብቻ ማርሚታ ተውሰው የሚገጥሙ አሉ፤ ይህን እባክዎ አያድርጉ። የተፈታታው መጋጠሚያ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ከወለሉ ሥር የሚወጣውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ኋላ የተኛ ሕፃንን ማንም ሳያውቅ ሊመርዝ ይችላል። መስታወቱን ለማጥቆር የተለጠፈው ላስቲክ በፀጉር ማድረቂያ እያሞቁ ከማዕዘን ጀምሮ ቀስ ብሎ ይላጣል፤ የማሞቂያ መስመር ባለው የኋላ መስታወት ላይ ግን ምላጭ አይጠቀሙ።

ሊብሬው ከመኪናው ጋር አይገጥምም ከተባለ

እዚህ ላይ የሚጠገን ብረት የለም፤ የሚስተካከለው ሰነድ ነው። ሊብሬው የሻንሲና የሞተር ቁጥርን፣ ቀለምን፣ የመቀመጫን ወይም የጭነትን ልክ ይዟል፤ ሞተር ከተለወጠ፣ ቀለም ከተቀየረ ወይም የዕቃ መኪና መቀመጫ ተበይዶበት ሰው መጫን ከጀመረ፣ በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የተመዘገበው መኪና መንገድ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑ ያበቃል። የሞተሩን የግዢና የጉምሩክ ሰነድ፣ ሥራውን የሠራውን ጋራዥ ደረሰኝና የክሱን ወረቀት ይዘው መኪናው ወደ ተመዘገበበት የትራንስፖርት ቢሮ ይሂዱ፤ ተመርምሮ ለውጡ ተቀባይነት ካገኘ ሊብሬው እንዲታረም ይጠይቁ። የሞተሩ ሰነድ ከሌለ ሻጩን ዛሬውኑ ይፈልጉት፤ በቆየ ቁጥር ሰውየው ይጠፋል። የተበየደው መቀመጫ ቀበቶ የሚይዝ ጠንካራ መሠረት ከሌለው ግን ማስነሣት ነው እንጂ ለማስመዝገብ መሞከር አይገባም።

ሊብሬው እንደታረመ ቅጂውን ለመድን ሰጪዎ ያስገቡ፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የተገዛው ቀድሞ ለነበረው ሞተርና መቀመጫ ነው። ታርጋው ተፈቶ ከነበረ መኪናውን በራሱ ሞተር ወደ ምርመራው አይንዱት፤ በጎታች ያስወስዱት፣ የጥገናውን ደረሰኝና በፊትና በኋላ የተነሡትን ፎቶዎችም ከሊብሬው ጋር አንድ ላይ አድርገው ይያዙ።