ስሟ ገና የተዛወረ መኪና ሲሸጥ፦ ኪሳራውን እንዴት ማሳነስ ይቻላል?

“መኪና አይከስርም” ሲባል ነው የኖርነው፤ ለዓመታትም አልከሰረም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ይህ ሁሉ ሀገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ዋጋ ወደ ላይ ገፋው። እኔም ይህን ተማምኜ ደሴ ላይ ኅዳር ወር አንዲት ቪትዝ ገዛሁ። ሥራ ቦታዬ ሲቀየር መጋቢት ላይ ሸጥኳት፤ ያውም በገዛሁበት ዋጋ። እጄ የገባው ግን ካወጣሁት በብዙ ያነሰ ነበር።

እርስዎም እንደኔ በወራት ውስጥ ለመሸጥ ከተገደዱ፣ ደላላ ጋ ከመደወልዎ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ።

መጀመሪያ፦ መኪናዋ በእውነት ስንት እንደፈጀች ያስሉ

ሒሳቡ እንዲቀል በ1,000,000 ብር ገዛን እንበል። ለደላላ 2 በመቶ ከተስማማን 20,000 ብር ሄደ። ቴምብር ቀረጥ፣ የስም ማዛወሪያና የመሳሰለው 25,000 ብር ወሰደ እንበል። ሁለት ጎማና አንድ ባትሪ በ36,000 ብር ቀየርን። ስንሸጥ ደግሞ ለደላላ ሌላ 20,000 ብር አለ። ድምሩ 101,000 ብር ነው። ስለዚህ ያቺ መኪና በገዛንበት ዋጋ ስትሸጥ ከመቶ ሺህ ብር በላይ ቀልጧል።

ከዚህ ውስጥ ገዢ የሚከፍልልዎት የጎማውን ግማሽ ያህል ቢሆን ነው። ኮሚሽኑንና ቀረጡን ማንም አይመልስልዎትም፤ “እኔ እኮ ይህን ሁሉ አውጥቼባታለሁ” ቢሉም ሰሚ የለም። ይህ ቁጥር የእርስዎ ምስጢር ነው፤ ጥቅሙ የትኛው ወጪ እንደሄደ፣ የትኛውስ ገና ሊተርፍ እንደሚችል ማሳየቱ ነው። የመሸጫው ኮሚሽን ለምሳሌ ገና አልወጣም። ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ ወይም ዕድርተኛ መካከል ገዢ ከተገኘ ሙሉ በሙሉ ይቀራል። እኔ ይህን ያሰብኩት ከሸጥኩ በኋላ ነው።

በወራቱ ውስጥ ለባጃጅና ለሚኒባስ ሳይከፍሉ የቀሩትንም ይቀንሱለት። ልብ ያሳርፋል።

ቀጥሎ፦ “ለምን ትሸጣታለህ?” ለሚለው ጥያቄ ይዘጋጁ

ትልቁ የዋጋ ቅናሽ የሚመጣው ከዚህ ጥያቄ ነው። ገዢው ሊብሬውን (የመኪናዋን የባለቤትነት ደብተር) ገልጦ ስሙ የተዛወረበትን ቀን ሲያይ፣ አራት ወር እንኳ አልሞላም ብሎ ዓይኑን ወደ ሞተሩ ይልካል። ሰው ደህና መኪና ገዝቶ በአራት ወሩ አይሸጥም ብሎ ነው የሚያስበው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው አስባለሁ። ጥርጣሬውን ደግሞ በብር ተምኖ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል።

“ሌላ ልገዛ ነው” የሚል መልስ ሁሉም ሻጭ ስለሚለው ማንንም አያሳምንም። እውነተኛውን ምክንያት ባጭሩ ይንገሩ፤ ማስረጃ ካለዎት ያሳዩ። የዝውውር ደብዳቤ፣ የጋራዥ ደረሰኝ፣ መኪናዋን ሲገዙ የተፈራረሙት ውል፣ እነዚህ በአንድ ፌስታል ውስጥ ቢቀመጡ ከምላስ ይበልጣሉ። መኪናዋ ጉድለት ካለባትም ገዢው ራሱ ከማግኘቱ በፊት እርስዎ ይንገሩት። እኔ የፍሪሲዮኑን (የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሽ የሚያስተላልፈውን ክፍል) ማርጀት ደብቄ ነበር፤ ገዢው ያመጣው መካኒክ በሁለት ደቂቃ ለየው። ከዚያ ወዲያ ስለ ሌላው የተናገርኩትን አንዱንም አላመኑኝም። ለፍሪሲዮኑ ከሚወጣው በላይ አስቀነሱኝ።

ዳገቱ ይፈርድ

ወሎ ውስጥ መኪና የሚፈተነው በዳገት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ በመካከላቸው ያለው ጠመዝማዛ መንገድ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ራዲያተሩ ያረጀ፣ የቴስታታው ጉርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) የሳሳ፣ ፍሪሲዮኑ ያለቀ መኪና እዚያ ዳገት ላይ ገመናው ይወጣል። ቁልቁለቱ በተራው የፍሬን ሸራውን ያጋልጣል።

ስለዚህ ገዢ ከመጥራትዎ በፊት ራስዎ አራት ሰው ጭነው ይውጡበት። የሙቀት መለኪያው ከመሐል ካለፈ፣ ወይም የሞተሩ ድምፅ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ፣ ገዢም ያንኑ ያያል ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ይለዩ፦ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ፣ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። አንድ ሺህ ሲሲ የሆነች ትንሽ መኪና ደሴ ላይ ደከም ማለቷ በሽታ አይደለም። ይህን ለገዢው ማስረዳት ከቻሉ አላግባብ አያስቀንስዎትም።

ይኸው ከፍታ የት እንደሚሸጡም ይነግርዎታል። ደሴ ብርድ ስለሆነ ስለ ኤሲ እምብዛም አይጠየቁም፤ ለከሚሴና ለባቲ ሰው ግን ኤሲ ቁም ነገር ነው። ኤሲዋ ደህና የሆነች፣ ጉልበቷ አነስ ያለ መኪና ካለችዎት ወደ ቆላው አካባቢ ገዢ ይፈልጉ።

ገዢ በሚመጣበት ቀን ሞተሩን አስቀድመው አያሙቁ። የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ እጁን ኮፋኖ ላይ ነው የሚያሳርፈው፤ ትኩስ ካገኘው ጠዋት አልነሳ ብላው ነው ይላል። የዘይት ክዳኑንም ከፍቶ ነጭ አረፋ ይፈልጋል። አረፋው ውኃ ከዘይት ጋር መቀላቀሉን ሊያሳይ ይችላል፤ በብርድ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትነዳ መኪናም ግን ክዳኗ ላይ ትንሽ ነጭ ነገር ይታያታል። ገዢ ከመምጣቱ ሳምንት ቀደም ብለው ረጅም መንገድ ነድተው ካጸዱት በኋላ ተመልሶ ከመጣ መካኒክ ያሳዩ።

የሚጠገንና የማይጠገን

የተቃጠለ መብራት፣ የሚጮህ የፍሬን ሸራ፣ የተሰነጠቀ መስታወት፣ እነዚህን ያሠሩ። ጥቂት ያስወጣሉ፤ ሳይሠሩ ቢቀሩ ግን ገዢው “ይቺን ያልጠገነ ሌላውንም ትቶታል” ይላል። ሙሉ ቀለም አያስቀቡ። ትኩስ ቀለም ያየ ሰው ሥር ያለውን ስቱኮ በጣቱ እያንኳኳ ይፈልጋል፤ ግጭት ደርሶባት ነው ብሎ ያምናል። ሞተር ማስወረድም እንዲሁ፤ ወጪውን የሚመልስልዎት የለም። ውስጡን አሳጥበው፣ ቦሎዋን አሳድሰው ይተዉት።

ወረቀቱ

የሊብሬው የቻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን፣ ፋይሉ የት ከተማ እንዳለ ቀድመው ያረጋግጡ። ፋይሉ አዲስ አበባ ከሆነ ገዢው 400 ኪሎ ሜትር መመላለሱን አስቦ ይቀንሳል።

አንዳንዱ ቀረጥ ሁለት ጊዜ ላለመክፈል ብሎ ስም ሳያዛውር በውክልና ይሸጣል። እኔ አልመክርም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው፤ መዝገቡ ላይ ያለው ስም የእርስዎ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠሩት እርስዎ ነዎት። ውክልና ሊሻርም ይችላል፤ ይህን የሚያውቅ ገዢ ዋጋ ያስቀንሳል።

ደላላና ቡና

ደላላው “አብሽር፣ ዛሬውኑ እናወጣታለን” ካለ ዋጋዋን አውርዶ ሊያወጣት እንደሆነ ይጠርጥሩ። ለእሱ 50,000 ብር መቀነስ ከኮሚሽኑ ላይ 1,000 ብር ብቻ ነው የሚያጎድልበት፤ ለእርስዎ ግን ያው 50,000 ነው። ስለዚህ የመጨረሻ ዋጋዎን አይንገሩት። ለሁለት ለሦስት ደላላ ቢሰጡ ይሻላል፤ የሚጠሩት ዋጋ ግን አንድ ይሁን። ለአንዱ ዝቅ ካደረጉ በማግሥቱ ሁሉም ሰምቶታል።

ሌላው የኛ አገር ነገር ቡናው ነው። ጀባ ተብሎ አቦሉን ቶናውን ከጠጡ በኋላ “አይሆንም” ማለት ያሳፍራል፤ በተለይ ገዢው ሽማግሌ ይዞ ከመጣ። እኔ የመጨረሻዎቹን 15,000 ብር የለቀቅኩት በረካው ላይ ነው። የዋጋውን ወለል ወረቀት ላይ ጽፈው ባለቤትዎ ጋ ይተዉት፤ “እሷን ሳላማክር” ብሎ መነሳት አያስቀይምም።

ከቻሉ ጊዜም ይግዙ። እኔ እንዳየሁት ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ገዢ ይሳሳል፤ እህል ተሰብስቦ ሠርግ በሚበዛበት ጥር አካባቢ ገበያው ይነቃል። ሁለት ወር መጠበቅ የሚያስገኘው ትርፍ አንዳንዴ ከጥገና ሁሉ ይበልጣል። የሚጠብቁት ግን መኪናዋ ቆማ ባትሪ እንዳትገድል በየሳምንቱ እየነዷት ነው።

ቀብድ፣ ውል፣ ርክክብ

ቀብድ ሲቀበሉ ይጠንቀቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ግን እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ነገ የተሻለ ገዢ ይመጣል ብለው ከጠረጠሩ ቀብድ አይቀበሉ።

ቀሪው ገንዘብ ሒሳብዎ ውስጥ መግባቱን በባንኩ ሳያረጋግጡ ቁልፍ አይስጡ፤ የስልክ መልእክት ብቻ አይበቃም። ውሉ ላይ የሚታወቀው ጉድለት ሁሉ ይጻፍ፤ “ፍሪሲዮኑ ያረጀ መሆኑን ገዢው አይቶ ተቀብሏል” የሚል አንድ መስመር ከወራት በኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል። መኪናዋን ያስረከቡበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ይጻፉ። የኔ ገዢ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተረክቦ አሥር ሰዓት ላይ የትራፊክ ቅጣት ተጽፎበታል፤ ቅጣቱ መጀመሪያ የመጣው እኔ ጋ ነበር።