ከቀዶ ጥገናው በፊት ደረጃውን ቁጠሩ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለንም። ከመሬት እስከ በሬ 72 ደረጃ አለ። ቁጥሩን ያወቅኩት ኢስታንቡል ሄጄ ተሚ ተክ፣ ማለትም የሆድ ቆዳና ጡንቻ የማስተካከል ቀዶ ጥገና አድርጌ የተመለስኩ ቀን ነው። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ፣ ጎብጬ፣ በየፎቁ እየቆምኩ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ሦስት ልጆች ወልጃለሁ፣ የመጨረሻዋ በኦፕራሲዮን ናት፣ የሆዴ ጡንቻ ከመሃል ተለያይቶ ስለነበር ስፖርቱም አመጋገቡም ቦርጩን አላጠፋልኝም። በውሳኔዬ አልጸጸትም። ዝግጅቴ ግን የተገለበጠ ነበር፤ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ሆቴሉና ስለ ቲኬቱ ስድስት ወር ሙሉ ሳጠና ተመልሼ ስለምተኛበት ቤት አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አላሰብኩም። ስለዚህ የመልክ ቀዶ ጥገና ለማድረግ ለምታስቡ ለእናንተ የምጽፈው ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጀመሪያ ቤቱ፣ ከዚያ ሐኪሙ፣ ከዚያ ጉዞው።

ቀዶ ጥገናው የጥቂት ሰዓት ጉዳይ ነው። ረጅሙ ማገገሙ ነው። ከሆድ ቀዶ ጥገና በኋላ ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር አይነሳም፤ ከባድ ሲባል ደግሞ እኛ ከባድ የምንለው ሳይሆን ከ4 ወይም ከ5 ኪሎ በላይ ያለው ሁሉ ነው። ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ዓመት የሞላው ሕፃን 9 ኪሎ ገደማ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት። በሦስተኛው ሳምንት ውሃ መጣ፣ ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነበር፣ ልጆቹ ተኝተዋል፣ እኔም ደህና ሆኛለሁ ብዬ አንድ ጀሪካን ከመታጠቢያ ቤት ወደ ኩሽና ወሰድኩ። በነጋታው ከስፌቱ በላይ ሲነካ የሚንቀጠቀጥ እብጠት አገኘሁ። ሴሮማ ይባላል፣ ከቆዳ ሥር ፈሳሽ ሲጠራቀም ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ «ሌላ ሐኪም የሠራውን አንነካም» ብሎ መለሰኝ። ሁለተኛው ቦታ ያገኘኋት ሐኪም በሦስት ቀጠሮ በመርፌ ቀዳችልኝ። ሴሮማ ምንም ሳያነሱም ሊመጣ እንደሚችል ነግራኛለች፣ ጀሪካኑን ግን አልወደደችውም።

ስለዚህ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ውሃ የሚቀዳው ማን ነው፣ እንጀራ የሚጋግረው ማን ነው፣ ትንሹን ልጅ የሚያቅፈውና ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ለእያንዳንዱ የሰው ስም ከሌላችሁ ቀኑን አራዝሙት። ከምጣድ ፊት ቆሞ ሰፌድ ማንሳትና ማጎንበስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታሰብ አይደለም፣ እንጀራ ግዙ። መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቶ የሚተኛ ሰው ደግሞ አልጋ ይዋስ፤ ከሆድ ቀዶ ጥገና በኋላ የሚተኛው በጀርባ፣ ትከሻን ከፍ አድርጎና ከጉልበት ሥር ትራስ ደርቦ ነው፣ ከመሬት መነሳት ስፌቱን ይወጥረዋል። እኔ ዛሬ ብሆን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ጎሮ ያለችው አክስቴ ዘንድ አርፍ ነበር፣ የምትኖረው ምድር ቤት ነው። ባጃጅ በኮብልስቶን ላይ ለአዲስ ስፌት ስቃይ ነው፤ ለቀጠሮ ስትወጡ ራይድ ወይም ፈረስ ታክሲ ጥሩ፣ ትራስ ሆዳችሁ ላይ ያዙ፣ ሹፌሩንም ቀስ በል ለማለት አትፈሩ።

ስለ ጠያቂም ላንሳ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ይህን ነገር ደብቀን ነው የምንሠራው። ለጎረቤት ሐሞት ጠጠር ነው ማለት መብታችሁ ነው። ግን ቢያንስ አንድ አብሯችሁ የሚያድር ሰው ምን እንደተሠራ፣ የትኛውን መድኃኒት እንደምትወስዱና ምን ዓይነት ምልክት አደገኛ እንደሆነ በትክክል ይወቅ። እናቴ እውነቱን ስላላወቀች በፍቅር ተነስታ መቀነት አጥብቃ ልታስረኝ ነበር፤ ሐኪሙ የሚሰጠው ሰውነትን አጥብቆ የሚይዝ ልብስ ግፊቱ ተመጥኖ የተሠራ ነው፣ መቀነት አይተካውም። ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ ቁስሉ ላይ ቅቤም ማርም አይቀባም፣ ወይባ መታጠንና ሳውና ይቆያሉ፣ ጸበል መጠመቅም እንዲሁ። አጥሚቱን ግን ጠጡ።

አሁን ወደ ሐኪሙ። ውጭ ለመሄድ ቆርጣችሁ ቢሆን እንኳ መጀመሪያ እዚሁ አንድ ፕላስቲክ ሰርጀን ጋ ቀርባችሁ ታዩ። የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎና በፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ከድሮም የታወቀ ነው፣ አለርት ሆስፒታልም የሥጋ ደዌ ሕሙማንን እጅና ፊት በመጠገን ረጅም ታሪክ አለው፤ ሙያው አገር ውስጥ የለም የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ ይህ ቀዶ ጥገና ለእኔ ይሆናል ወይ? ላይፖሳክሽን፣ ማለትም ስብ መምጠጥ፣ ለምሳሌ የክብደት መቀነሻ አይደለም፣ ተሚ ተክ ደግሞ ገና መውለድ ለምታስብ ሴት አይመከርም፣ እርግዝናው መልሶ ይለጥጠዋል። ሁለተኛ፣ ውጭ ሠርቼ ብመለስ ትከታተለኛለህ ወይ? እሺ የሚል ሐኪም ሳታገኙ አትሂዱ። እኔ ይህንን ስላልጠየቅኩ ነው ከክሊኒክ ክሊኒክ የዞርኩት።

ስለ ጠባሳ በግልጽ ተነጋገሩ። እንደ እኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለን ሰዎች ለኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ አልፎ ለሚያድግ ጠባሳ፣ የበለጠ እንጋለጣለን። መስታወት ፊት ቆማችሁ ጆሯችሁ የተበሳበትን፣ ክትባት የተወጋችሁበትን፣ ኦፕራሲዮን ካላችሁ እሱንም እዩ። እዚያ ላይ ያበጠና የጠነከረ ነገር ካለ ለሐኪሙ አሳዩት፣ በተለይ ደረት፣ ትከሻና ጆሮ አካባቢ የሚሠራ ነገር ካሰባችሁ። አዲስ ጠባሳ ፀሐይ አይወድም። የእኛ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ቆዳ ይጠብሳል፣ ስለዚህ ለዓመት ያህል ሸፍኑት ወይም ሰንስክሪን ተቀቡ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ያሉት ሁለት ወራት ደምና ሳንባ የሚዘጋጁበት ነው። ሲጋራም ሺሻም ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ይቆማል፣ ከዚያ በኋላም ለሳምንታት አይነካም፤ ኒኮቲን የደም ሥር ስለሚያጠብ የተሰፋው ቆዳ ደም አጥቶ ሊጠቁርና ሊሞት ይችላል። ጫት የምትቅሙ ለማደንዘዣ ሐኪሙ ሳታፍሩ ንገሩት፣ ልብ ምትና ደም ግፊት ይጨምራል። አስፕሪን፣ በየቀኑ የሚበላ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብል በብዛት፣ ሁሉንም ዘርዝሩለት፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ አሉበት። ወጥ ውስጥ የገባው አያሳስብም። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ የምትወስዱ ደግሞ የደም መርጋት ስጋት ስላለ መቼ እንደምታቆሙና በምን እንደምትተኩት ጠይቁ። የሂሞግሎቢን፣ ማለትም የደም ማነስ ምርመራ አድርጉ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ጾሙን ሙሉ በሽሮና በጎመን አሳልፎ ከፋሲካ ማግስት ቢላዋ ሥር መግባት ለማገገም አያግዝም፣ ቁስል የሚድነው በፕሮቲንና በብረት ነው። ከጾሙ ርቃችሁ ቀን ያዙ፣ ካልሆነ ምስርና ባቄላውን አብዙ፣ ማገገሚያው ጾም ላይ ከዋለ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። የእኔ የንስሐ አባት ሳልጨርስ ነበር «ታማሚ ነሽ፣ ብይ» ያሉኝ።

ውጭ አገር ሲሆን ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የምታገኙት ሐኪም ሳይሆን ደላላ ነው። ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ በጣም ደግ ናቸው፣ በደቂቃ ይመልሳሉ፣ «ዛሬ ካስያዝሽ ቅናሽ አለ» ይላሉ። ለቀዶ ጥገና የዛሬ ብቻ ቅናሽ የሚባል ነገር ካያችሁ እዚያው አቁሙ። ቀዶ ጥገናውን ከሚሠራላችሁ ከራሱ ከሐኪሙ ጋር በቪዲዮ ሳትነጋገሩ ቀብድ አትላኩ። ሙሉ ስሙን ጠይቃችሁ በዚያ አገር የሐኪሞች መዝገብ ላይ ፈልጉት። ቱርክ ከሆነ ሆስፒታሉ ከጤና ሚኒስቴሩ የዓለም አቀፍ የጤና ቱሪዝም ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፣ አሳዩኝ በሉ። ቀዶ ጥገናው የሚሠራው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ባለው ሆስፒታል ነው ወይስ አፓርታማ ውስጥ ባለ ክሊኒክ? ማደንዘዣውን የሚሰጠው ስፔሻሊስት ነው? ችግር ቢፈጠርና ድጋሚ ቢከፈት የሚከፍለው ማን ነው? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

በአንድ ቀን ሆድ፣ ጡት፣ ወገብና ዳሌ አብረው እንሥራ ቢሏችሁ ርካሽ ሊመስል ይችላል። ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ግን የደም መርጋትና የደም መፍሰስ ስጋቱ ይጨምራል። ቢቢኤል፣ ማለትም ከሌላ ቦታ የተወሰደ ስብ ዳሌ ላይ የሚወጋበትን ቀዶ ጥገና፣ የምታስቡ ደግሞ እባካችሁ ይህን በደንብ ስሙኝ። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የፕላስቲክ ሰርጀኖች ግብረ ኃይል ያወጣው ግምት ከ3,000 አንድ ሰው እንደሚሞት ነበር፣ በወቅቱ ለመልክ ከሚሠሩት ሁሉ የከፋ ቁጥር ነበር። ምክንያቱ የሚወጋው ስብ ወደ ዳሌ ጡንቻ ውስጥ ሲገባ ትልልቆቹን የደም ሥሮች አግኝቶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ስለሚችል ነው። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች ከቆዳ ሥር ብቻ፣ በአልትራሳውንድ እያዩ እንዲወጉ ይመከራል። የእናንተ ሐኪም እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ካልቻለ ተዉት። የጡት ሲሊኮን የምታስገቡም ዕድሜ ልክ የሚቆይ ዕቃ እንዳልሆነ እወቁ፤ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ከ5 ወይም ከ6 ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየ2 እና 3 ዓመቱ በኤምአርአይ ወይም በአልትራሳውንድ እንዲታይ ይመክራል። የዚያንም ወጪ ከወዲሁ ቁጠሩ።

ገንዘቡ የሚጠየቀው በዶላር ወይም በዩሮ ነው፣ የምንቆጥበው ደግሞ በብር። እኔ ዕቁብ ነበር የምጥለው፤ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ ዕጣዬ ሲደርሰኝ ገንዘቡ ግማሹን እንኳ አልሸፈነም። ሌላ ዓመት ጠበቅኩ። ተበድራችሁ አትሂዱ። ምንዛሪውንም ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ ባንካችሁን ቀድማችሁ ጠይቃችሁ በባንክ አድርጉት። ከጠቅላላው ሲሶውን ደግሞ ሳትነኩ ያዙ፤ ለተጨማሪ የሆቴል ቀናት፣ ለቲኬት ማራዘሚያና ለድንገተኛ ሕክምና ነው። የተለመደው የጉዞ ኢንሹራንስ የመልክ ቀዶ ጥገና የሚያመጣውን ችግር አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም።

የመልስ ቲኬቱን ደላላው አይወስንላችሁ። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ ከደረትና ከሆድ ቀዶ ጥገና በኋላ ቢያንስ 10 ቀን ሳትበሩ ቆዩ ይላል፣ ለፊት፣ ለአፍንጫና ለዓይን ቆብ ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን። የእኔ ፓኬጅ 7 ሌሊት ብቻ ነበር፤ ሐኪሙ 12 ቀን ቆዪ ስላለኝ ቀሪዎቹን ከኪሴ ከፍያለሁ፣ ደግሜም እከፍላለሁ። አውሮፕላን ላይ መተላለፊያው በኩል ያለውን መቀመጫ ያዙ፣ እግርን አጥብቆ የሚይዘውን ካልሲ አድርጉ፣ ውሃ ጠጡ፣ በየሰዓቱ ተነስታችሁ ተራመዱ። ሻንጣውን አብሯችሁ የሄደው ሰው ይሸከም፤ ብቻችሁን አትሂዱ። ከሆስፒታል ስትወጡም የተሠራውን የሚገልጽ ወረቀት በእንግሊዝኛ፣ የመድኃኒት ዝርዝሩን፣ ሲሊኮን ካለም መለያ ቁጥሩ ያለበትን ካርድ ተቀበሉ። እዚህ የሚያያችሁ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ማበጥ፣ መበለዝ፣ የመደንዘዝ ስሜት፣ ሦስተኛ አራተኛ ቀን ላይ «ምን ነካኝ» ብሎ ማልቀስ ሁሉ ይመጣል፣ ያልፋል። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ እየሰፋ የሚሄድ ቅላት፣ የሚሸት ፈሳሽ ካለ ግን በዚያው ቀን ታዩ። ከሳምንታት በኋላ ጠባሳው አካባቢ እብጠት ወጥቶ በተለመደው አንቲባዮቲክ አልድን ካለ ውጭ አገር መቀደዳችሁን ለሐኪሙ ንገሩት፤ ከተለመደው የተለየ ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል ናሙናው ለብቻው ይመረመራል። አንድ ባት ብቻ አብጦ ካመመ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረና ደረት ከወጋ፣ ለነገ አይባልም፣ ሌሊትም ቢሆን ውጡ። ለእኛ አካባቢ ቅርቡ የመንግሥት ሆስፒታል ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ 939። ቁጥሮቹን በሩ ላይ ለጥፏቸው፣ ከሥሩ የብሎክና የቤት ቁጥራችሁን ጻፉ። እዚህ ብሎኮቹ ሁሉ ስለሚመሳሰሉ አንድ ሰው ወርዶ ዋናው በር ላይ ቆሞ አምቡላንሱን ይጠብቅ፣ ጥበቃውም ወደ የትኛው ብሎክ እንደሚመራው አስቀድሞ ይወቅ።